በመገናኛ ሰልፍ ላይ ስለተሰቀለው የልጄ ፎቶ

ለተከበሩ አቶ ጋሮማ ገላና
የ«እህቴ ናት» ፀረ ለከፋ ዘመቻ አስተባባሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለተደረገልን ነገር ሁሉ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ እንዲሁም በዘመቻው ከላይ እስከ ታች የተሰለፉት ባልደረቦችዎ በሙሉ ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ሰሞኑን ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ብርድ ሰውን ሁሉ ጉንፋን እያስያዘ ስለሆነ፣ ከመኪናዎ ወርደው ቢሮዎ እስኪገቡ ባለችው አጭር መንገድም ቢሆን ደረብ ማድረግ እንዳይረሱ አደራ እላለሁ። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን የምለው እንደ ወጉ ነው።

ማዕዶት አካሉ እባላለሁ፤ ከባለቤቴ ከቱሉና ከልጃችን ከሀዊ ጋር የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ። እኔን አያውቁኝም፤ ልጄን ግን ያውቋታል። ከመገናኛ ታክሲ የሚይዝ ሁሉ ያውቃታል። ወደ የካ አባዶ በምንሰለፍበት ቦታ ከራሳችን በላይ ባሰቀሉት ትልቅ ባነር ላይ፣ የዘመቻውን ነጭ ቲሸርት ለለበሰ ጎረምሳ ጉንጯን ሰጥታ የቆመችው ልጅ የእኔ ልጅ ናት። ከሥሯ «በይቅርታ እናሸንፋለን» ይላል። ዕድሜዋ አሥራ ሰባት ነው። ፎቶዋ እንዲሰቀል እሷንም፣ አባቷንም፣ እኔንም የጠየቀን የለም።

ባነሩን መጀመሪያ ያየሁት ከሥራ ስመለስ ነው። ሰልፉ ረዥም ስለነበር በደንብ ለማየት ጊዜ አገኘሁ። አልጮህኩም፤ አላለቀስኩም። ተራዬ ሲደርስ ገባሁ፣ ሂሳብ ከፈልኩ፣ ቤቴ ደርሼ ሽንኩርት ከተፍኩ። በሽንኩርቱም አላለቀስኩም።

የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ስለሆነ የደብዳቤን ዕጣ ፈንታ አውቃለሁ፤ አቤቱታ የሆነው ከፋይል ሥር ይተኛል፣ ምስጋና የሆነው ግን በፍሬም ገብቶ ከኃላፊው ወንበር በስተጀርባ ይሰቀላል። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ምስጋና እንዲሆን ወስኜ፣ የማመሰግንዎትን ነገር በቅደም ተከተል እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ቲሸርቱ

ዘመቻው በተከፈተ ዕለት አደባባዩን የሞላ ወጣት አስፈልጎ ስለነበር፣ ወጣት በብዛት ከሚገኝበት ቦታ መሰብሰቡ ትክክል ነበር። በብዛት የሚገኘው ደግሞ ከታክሲ መያዣው አጠገብ ባለው የብረት አጥር ላይ ተቀምጦ፣ የምታልፈውን ሴት ሁሉ ከጡቷ እስከ ተረከዟ ድረስ በየክፍሏ ስም ሲያወጣላት የሚውለው ነው። አጥሩ ለአንድ ቀን ባዶ ሆነ። ወጣቶቹ ቆመው አጨበጨቡ፣ መፈክር አሰሙ፣ ውሃና ምሳ ተሰጣቸው፣ ደረቱ ላይ «እህቴ ናት» የሚል ቲሸርት ለብሰው ተመለሱና አጥሩ ላይ ተቀመጡ። በማግስቱ ልጄ የስፖርት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስታልፍ «ሯጯ፣ ፍሬን የለሽም እንዴ?» ያላት፣ «ነይ እኔ ላይ ተለማመጂ» ያላት፣ ተከትሏት ሄዶ አንገቷ ሥር የተነፈሰባት ሁሉ የእርስዎን ቲሸርት የለበሰ ነበር። ከዚህ በፊት የትኛው ለካፊ የትኛው ደግሞ ጨዋ መንገደኛ እንደሆነ ቀርበን ካልሆነ አናውቅም ነበር። አሁን ከሩቅ አይተን መንገድ እንሻገራለን። ምልክት ስላደረጉልን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፦ ስለ አለባበስ ስለተሰጠን ምክር

በየደረጃችን ሥር የተበተነችው ወረቀት፣ ሴት ልጆቻችን «ለአላስፈላጊ ትኩረት የማይጋብዝ» ልብስ እንዲለብሱ መክራናለች። ለልጄ ምክሩ አዲስ አልነበረም። ሀዊ ሯጭ ናት፤ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት እንጦጦ ዳገት ላይ ከሰፈር ፕሮጀክት ልጆች ጋር ትሠለጥናለች። ልምምድ ከጀመረች ወዲህ ከቤት የምትወጣው ከታይቷ ላይ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ የእኔን ቀሚስ ደርባ፣ ነጠላ ተከናንባ ነው። ዳገቱ ላይ ስትደርስ ታወልቅና ባሕር ዛፍ ላይ ትሰቅለዋለች። ሌሎቹም ሴቶች እንደዚያው ያደርጋሉ። አሠልጣኟ ማቲዎስ ጫካው ልብስ የሚሰጣበት ግቢ መሰለ እያለ ይቀልድባቸዋል። አንድ ጊዜ አብሬያት ወጥቼ አይቻለሁ፤ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ቀሚሶቹን እያዩ እየሣቁ ያልፋሉ፣ ልጆቹም በታይት ብቻ ሆነው ሽቅብ ሲሮጡ ቀና ብሎ የሚያያቸው የለም። ሲጨርሱ ቀሚሳቸውን መልሰው ይለብሱና ወደ እናንተ ከተማ ይወርዳሉ።

ልጄ በጎረምሳ እጅ የተያዘች ዕለት ቀሚሱንም ነጠላውንም ለብሳ ነበር። ከዚያ በላይ ልትለብስ የምትችለው ብርድ ልብስ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ ስለ ሰልፈኛው ትዕግሥት

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ነው። ሀዊ ከልምምድ ወርዳ መገናኛ ላይ ወደ የካ አባዶ ተሰልፋለች። አንድ ጎረምሳ ከአጥሩ ወርዶ መጣ። ስሙን አልጠራውም፤ እሱም እናት አለችው፣ እርስዎም ስሙን ያውቁታል። «ሰላም አትይም እንዴ?» ብሎ እጇን ያዘ። ስትነጥቀው ወገቧን ያዘ። ከሰልፉ እየጎተተ ሊያወጣት ሲል ታገለች፤ እሱ እየሣቀ ወደ ሰልፈኛው ዞሮ «ሚስቴ ናት፣ ተኳርፈን ነው» አለ።

ክቡር ሆይ፣ ደረቱ ላይ «እህቴ ናት» ተብሎ ተጽፏል፣ አፉ «ሚስቴ ናት» ይላል፤ ከዚያ ሁሉ ማንበብ የሚችል ሰልፈኛ ነገሩ ግር ያለው አንድም አልነበረም። ተራ አስከባሪው ከሰልፍ ከወጣች ተራዋ እንደሚያልፋት አስታወሳት። አንድ ትልቅ ሰው «ዝም በዪው ልጄ፣ ሲሰለቸው ይተውሻል» አሏት። ሌሎቹ ስልካቸውን ያዩ ነበር። ሰልፉ ምን ያህል ሥነ ሥርዓት እንደነበረው የገባኝ ኋላ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ቦታውን የለቀቀ የለም።

ልጄ እጁን ነክሳ አመለጠች። ቦርሳዋንና የመሮጫ ጫማዋን ጥላ፣ ያንን ረዥም ቀሚስ በእጇ ሰብስባ፣ ዳገቱን ይዛ እስከ ላምበረት ድረስ ሮጠች። አውቶቡስ ተራው ውስጥ ገብታ ወደ ሰሜን ከሚሄዱት መንገደኞች ሻንጣ መሐል ተቀመጠች። ቆሎ የምትሸጥ ሴት ስልኳን ሰጥታት ደወለችልኝ። ደርሼ ሳገኛት ቆሎ በእጇ ይዛ አትበላም። ያቺ ሴት በዘመቻዎ ውስጥ እንደሌለች አጣርቻለሁ፤ ቲሸርትም አልደረሳትም።

አራተኛ፦ ስለ ምርመራው

በዚያው ዕለት ለፖሊስ አመለከትን። መርማሪው በአክብሮት ተቀብሎን ጎረምሳው ምን ለብሶ እንደነበር ጠየቀ። ሀዊ ነገረችው። መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ፤ ሳምንቱ የዘመቻው መክፈቻ ሳምንት ስለነበር ከጃኬቱ ሥር ያንኑ ቲሸርት ለብሷል። ቀስ ብሎ ዚፑን እስከ አንገቱ ዘጋው። «እህቴ፣ በዚህ ምልክት ከፈለግነው ግማሽ መገናኛን ልናስር ነው» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አፍሯል። ቀጥሎ ልጄ ምን ለብሳ እንደነበር ጠየቀ፣ እሱንም ጻፈው።

አምስተኛ፦ ስለ ሽምግልናው

ይህኛውን በተለይ ነው የማመሰግነው። ፖሊስ ያጣውን ሰው እርስዎ ወዲያው አገኙት፤ ለካ ከበጎ ፈቃደኞቻችሁ አንዱ ኖሯል። በተከታዩ እሁድ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ፣ ጋሽ ከበበን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቤታችን ላኩልን። ጋሽ ከበበ በእኛ ብሎክ የተከበሩ ናቸው። በውሃ ታንከር የተጣሉትን ጎረቤቶች ያስታረቁ፣ በውርስ የተቆራረጡ ወንድማማቾችን እያስለቀሱ ያገናኙ ሰው ናቸው። ስለዚህ በሩን ከፈትን። ከኋላቸው ጎረምሳው ነበር፤ ቲሸርቱ ታጥቦ ተተኩሷል። ከሱ ኋላ ካሜራ የያዘ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያችሁ ገባ። «ለሪፖርት ነው፣ አያስቡ» አለኝ። እኔም አላሰብኩም።

ሽማግሌዎቹ ልጁ ወጣት እንደሆነ፣ እንደተጸጸተ፣ ሥራ ሊቀጠር ስለሆነ ስሙ መበላሸት እንደሌለበት በየተራ ተናገሩ። ስለ ልጄም ተናግረዋል፤ ነገሩ ከተወራ እሷንም ይጎዳል ብለዋል። ቱሉ የሽማግሌ ቃል በማይታጠፍበት ቤት ያደገ ሰው ነው። አንገቱን እንደደፋ «የተነካችው እሷ ናት፤ እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ?» አለ። እኔ ካሣም ይቅርታም እንደማልፈልግ ነግሬ፣ ጎረምሳው ልጄ በምትሰለፍበት ቦታ እንዳይቀመጥ ብቻ እንዲደረግልኝ ጠየቅኩ። ጋሽ ከበበ «እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ በኋላ ይታያል» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው «በሉ እንግዲህ ተነሡና ተሳሳሙ» አሉ።

ወጉን አውቃለሁ። የተጣሉ ሰዎች ካልተሳሳሙ ዕርቁ ዕርቅ አይባልም፤ በድንበርና በውሃ ታንከር ጉዳይ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። እዚህ ግን ጠብ አልነበረም፤ አንዱ ያዘ፣ አንዷ ተያዘች። ሳትፈቅድ ስለነካት የተከፈተው ጉዳይ፣ እንደገና ሳትፈቅድ እንዲነካት በማድረግ እንዲዘጋ ተወሰነ። ከተቀመጡት ሽማግሌዎች መካከል ይህ ነገር የከበደው አንድም ሰው አላየሁም፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ ሲመሽ ለልጄ እንደሚጸልዩላትም አልጠራጠርም።

«አትስምም» አልኩ። እኔ ሌላ ቃል ሳልጨምር ሀዊ ተነሣች። ቶሎ እንዲሄዱ ብላ እንደሆነ ኋላ ነግራኛለች። በቀኝ፣ በግራ፣ እንደገና በቀኝ ሳመችው። ባለሙያው ግን የጋሽ ከበበ ጋቢ ስለከለለው ፎቶው አልወጣለትም ነበርና፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲደገም በትሕትና ለመነ። ተደገመ። አሁን ባነሩ ላይ ያለው የተደገመው ነው፤ ትከሻዋን የያዘበት እጅ ላይ የጥርሷ ምልክት ቀርቦ ላየው ሰው ይታያል።

ከዚያ ልጄ መታጠቢያ ቤት ገባች። ውሃው ለረዥም ጊዜ ሲወርድ ይሰማ ነበር። ሽማግሌዎቹ ለስላሳቸውን ጠጥተው ቤታችንን መረቁ፣ እኔም አሜን አልኩ። አሜን ያልኩት አፌ ለምዶት ነው።

የመጨረሻው፦ ስለ ባነሩ

ቁጥሩን ትቼዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ አንድ ነው።

ሀዊ ከዚያ እሁድ በኋላም መሮጥ አላቆመችም ነበር። በተከታዩ ቅዳሜ ያንኑ ቀሚሴን ለብሳ፣ ከጎረቤት ጫማ ተውሳ እንጦጦ ወጥታለች። ማቲዎስ ጥሩ እንደሮጠች ደውሎ ነግሮኛል። በዚህ ወር መጨረሻ ክለቦች ልጆች የሚመርጡበት ማጣሪያ አለ። ልጄ ይህን ማጣሪያ የምትጠብቀው ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነው፤ እኛ ቤት ስለ ሌላ ነገር ብዙም አይወራም ነበር። እርስዎ ባነሩን የሰቀሉት ከዚያ ቀጥሎ በነበረው ሳምንት ነው።

ከተሰቀለ በኋላ ከሥሩ የተሰለፈችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰልፈኛው ባነሩን አየ፣ እሷን አየ፣ «ይቺ ናት እኮ» ተባባለ። ያን ቀን ስልኩን ያየ አልነበረም። ከአጥሩ ላይ ያሉት ደግሞ «እኛንስ አትስሚንም?» ማለት ጀመሩ። አንዱ ጉንጩን አቀረበላት። አሁን እንደ ልማድ ሆኗል አሉ፤ ሌሎች ልጆችንም የሚለክፉት በእሱ ነው። በአንድ ፎቶ ለመላው አጥር አዲስ ቃል ሰጥታችኋል።

ልጄ ወደ መገናኛ መውረድ አቁማለች። እንጦጦ ለመድረስ ሌላ መንገድ እናገኝላት ይሆን ብለን ከቱሉ ጋር ቁጭ ብለን ተነጋግረናል፤ የትኛውንም መንገድ ብንወስድ አጥርና አጥር ላይ የሚቀመጥ ሰው አለው። ስለዚህ በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ትሮጣለች። ከምድር እስከ መጨረሻው ፎቅ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ እንደገና ትወጣለች። ከሥር ያሉት ጎረቤቶች ጩኸቱ እንደሚረብሻቸው በጨዋ ቋንቋ ነግረውናል፤ ሽማግሌ እስኪልኩብን እየጠበቅን ነው።

ተናድዳ እንደሆነ ጠየቅኳት። «አይ እማ፣ ደክሞኛል ብቻ» አለችኝ። በደረጃው ምክንያት እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ስለ ራሴ ቢጠይቁኝ፣ ተኝተውበት የደነዘዘ ክንድ ያውቃሉ? የራስ እንደሆነ ይታያል፣ ሲቆነጥጡት ግን አይሰማም። እኔ ሙሉ በሙሉ እንደዚያ ነኝ። መሥሪያ ቤት እገባለሁ፣ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል አስገባለሁ፣ ተመልሼ ከልጄ ፎቶ ሥር እሰለፋለሁ። የሚያስፈራኝ ደም ሲመለስበት ነው፤ ያን ጊዜ ነው የሚያመው። ልጄ ላይ የሚመለስ ዕለት አጠገቧ እንድሆን ብቻ ነው የምመኘው።

እንግዲህ በምስጋና ደብዳቤ ላይ ጥያቄ ማቅረብ ነውር ካልሆነ፣ አንድ ነገር እጠይቅዎታለሁ። ባነሩን ያውርዱልኝ። ይቅርታ እንዲጠይቁ፣ ጎረምሳውን እንዲያባርሩ፣ ስለ ጉዳዩ ስብሰባ እንዲጠሩ አልጠይቅም፤ ስብሰባውን በተለይ አልጠይቅም። ማጣሪያው ሳያልፍ ባነሩ ይውረድ። መሰላል የሚያስቸግር ከሆነ ቱሉ አለው፤ ይዞ ይመጣል፣ ራሱም ይወጣል። ለበጎ ፈቃድ ሥራው ቲሸርት አይፈልግም።

በሥራዎ እንዲበረቱ፣ ዘመቻዎ ከዚህም በላይ በብዙ ባነር እንዲታጀብ፣ ሴት ልጆችዎም በየትኛውም ሰልፍ ላይ ሳይቆሙ ከቤት በር እስከ ትምህርት ቤት በር በመኪና እየተሸኙ እንዲያድጉ ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምመኘው ለአሽሙር አይደለም፤ ልጆቹ ምንም አላደረጉም።

ሁልጊዜ አክባሪዎ፣ ከባነሩ ሥር የማልጠፋ ተሰላፊዎ፣

ማዕዶት አካሉ
የሀዊ ቱሉ እናት
የካ አባዶ

ግልባጭ፦
ለጋሽ ከበበ፣ ከነሙሉ አክብሮታችን
ለመርማሪው፣ ዚፑን ስለዘጋልን
በዚያ ቅዳሜ ሰልፍ ላይ ለነበራችሁ በሙሉ፣ ተራችሁ ስላላለፋችሁ እንኳን ደስ አላችሁ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ላሽግ ስል የጥሪ ካርድዎ ደረሰኝ። በዘመቻው ማጠቃለያ ዕለት መገናኛ ላይ በሚዘጋጀው መድረክ ልጄ ተገኝታ፣ ሴቶች አሁን ያለ ሥጋት እንደሚንቀሳቀሱ ምስክርነት እንድትሰጥ፣ ከዚያም ከዚያው ጎረምሳ እጅ እቅፍ አበባ እንድትቀበል ስለጋበዟት ክብር ተሰምቶናል። ነገር ግን መድረኩ ያለው ከሰልፉ አልፎ ስለሆነ ልጄ ልትደርስ አትችልም። አበባው እንዳይጠወልግ እርስዎ ይቀበሉላት። ከተቀበሉም በኋላ ወጉ እንዳይቀር፣ ጎረምሳውን በቀኝ፣ በግራ፣ እንደገና በቀኝ ይሳሙት፤ ፎቶው ካልወጣ ደግሞ ይድገሙት።